ዲሴቢሊቲ ኢንሹራንስ ከለከሏችሁ? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ የዲሴቢሊቲ ፋይል ሳገላብጥ ነው የምውለው። ጠበቃ ግን አይደለሁም። በመሥሪያ ቤት በኩል የገባችሁበት የረጅም ጊዜ ዲሴቢሊቲ (ታምሞ መሥራት ላቃተው ሰው ገንዘብ የሚከፍል ኢንሹራንስ) ከተከለከላችሁ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ሆቴል ነው የምሠራው፣ ወገቤን ታምሜ ቆምኩ። ትናንት "አይገባሽም" የሚል ደብዳቤ መጣ። ዛሬውኑ ይግባኝ ልጻፍ?

ተረጋጊ እህቴ። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤሪሳ የሚባለው፣ በመሥሪያ ቤት በኩል የሚገኝ ኢንሹራንስን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ፣ ደብዳቤው ከደረሰሽ ጀምሮ ለይግባኝ 180 ቀን ይሰጥሻል። ሰዉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተናዶ ግማሽ ገጽ ይልክና፣ እንደገና ሲከለከል "ፍርድ ቤት አስረዳለሁ" ይላል። ዳኛው ግን በአብዛኛው የሚያየው ኢንሹራንሱ እጅ ያለውን ፋይል ብቻ ነው። አዲስ ምርመራ ይዘሽ ብትሄጂ ላያይልሽ ይችላል። ስለዚህ ያለሽን ሁሉ አሁን ፋይሉ ውስጥ ክተቺ። ከሁሉ በፊት ግን የፋይሉን ኮፒ በጽሑፍ ጠይቂ፣ በነፃ መስጠት ግዴታቸው ነው። አንዴም አይቶሽ የማያውቅ ዶክተር "መሥራት ትችላለች" ብሎ ጽፎ ልታገኚ ትችያለሽ፣ አትደንግጪ።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ "መሥራት አይችልም" ብሎ ጽፎልኛል። አይበቃም?

አይበቃም ወንድሜ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ኢንሹራንሱ ለሚያክምህ ሐኪም ቃል የተለየ ክብደት የመስጠት ግዴታ የለበትም ብሏል። የሚጠቅምህ ዝርዝር ነው፦ ስንት ደቂቃ ትቆማለህ፣ ስንት ፓውንድ ታነሳለህ፣ በወር ስንት ቀን ከአልጋ አትነሳም።

ደግሞ የእኛ የሐበሾች ችግር አለ። ሐኪሙ "እንዴት ነህ?" ሲል "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" እንላለን፣ እሱም "ታካሚው ደህና ነው" ብሎ ይመዘግባል። ከዓመት በኋላ ያቺው መስመር ክልከላው ደብዳቤ ላይ ተጠቅሳ ትመጣለች። እባካችሁ ሐኪም ፊት አትግደርደሩ!

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ከፍለውኝ ድንገት አቆሙ። እኔ እንደሆንኩ አልተሻለኝም።

24 ወር ሞላህ ማለት ነው። በብዙ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) እስከዚያ የሚጠየቀው "የራሱን ሥራ መሥራት ይችላል ወይ" ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን "ማንኛውንም ሥራ" ይሆናል። ቁጭ ብለህ ስልክ ማንሳት ትችላለህ ሊሉህ ነው። ትምህርትህን፣ የሥራ ልምድህን፣ የእንግሊዝኛህን ደረጃ አይቶ ምን ሥራ መሥራት እንደምትችል የሚያስረዳ የሥራ ጉዳይ ባለሙያ አስጽፍ።

ጥያቄ፦ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥቱ ዲሴቢሊቲ) ፈቅዶልኛል፣ ኢንሹራንሶቹ ግን እምቢ አሉ።

የሶሻል ሴኩሪቲ ውሳኔ አያስገድዳቸውም። ከኤፕሪል 1፣ 2018 በኋላ ለቀረበ ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) ግን ለምን እንዳልተስማሙ መጻፍ አለባቸው። ካልጻፉ ይግባኙ ላይ አንሳው። ሶሻል ሴኩሪቲ ወደኋላ ቆጥሮ የሚከፍልህን ገንዘብ ግን ቶሎ አትጨርሰው፣ አብዛኛው ፖሊሲ ተቀናሽ ያደርገዋል፣ መልስ ይሉሃል።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንሶቹ ሰው ልከው ይከታተላሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አንዲት እናት ከሐበሻ ሱቅ የጤፍ ከረጢት ተሸክመው ሲወጡ ተቀርጸው አይቻለሁ። በማግስቱ ከአልጋ አልተነሱም፣ ያንን ግን ማን ይቅረጽ? እሳቸውን ያዳናቸው በየቀኑ ሕመማቸውን የሚጽፉበት ደብተር ነው።

ጥያቄ፦ ጠበቃ መቼ ልያዝ?

ከይግባኙ በፊት። ብዙዎቹ ጠበቆች ክፍያ የሚወስዱት ካሸነፉ ነው። ኢንሹራንሶቹ ይግባኙን በ45 ቀን ይወስናሉ፣ በቂ ምክንያት ካላቸው ሌላ 45 ቀን ይጨምራሉ። የመንግሥት ወይም የቤተ ክርስቲያን ሠራተኛ ከሆናችሁ፣ ወይም ኢንሹራንሱን በግል ከገዛችሁት፣ ኤሪሳ አብዛኛውን ጊዜ አይመለከታችሁም። እንደዚያ ከሆነ ስትጠይቁ ስቴታችሁን ጨምሩ።