ክፍት ወይስ ዝግ ሄድፎን?

ሰላም ወንድሜ። ጠዋት ታክሲ ውስጥም፣ ማታ ቤትም ሙዚቃ የምትሰማበት አንድ ሄድፎን ልትገዛ ነው። ክፍቱ ይሻላል ወይስ ዝጉ ብለሃል። አንድ ብቻ ከሆነ ዝጉን ግዛ።

ዋናው ምክንያቴ ጆሮህ ነው። የዝጉ ጀርባ ድፍን ነው፤ የክፍቱ ግን ወንፊት መሰል ስለሆነ የውጭ ድምፅ ይገባል፣ ያንተም ይወጣል። የሞተሩንና የረዳቱን ጩኸት ለማሸነፍ ድምፁን ትጨምራለህ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ገደብ በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) በሳምንት 40 ሰዓት ነው። በ3 ዴሲቤል ከፍ ባደረግከው ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። አጠገብህ የተቀመጠው ሰውም ሳይወድ አብሮህ ያዳምጣል።

ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ግን ክፍቱን የሚያክል የለም። እኔ በገና የምሰማው በክፍት ብቻ ነው። የአውታሮቹ ንዝረት ጭንቅላቴ ውስጥ ታፍኖ አይቀርም፤ ደርዳሪው ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ይመስለኛል። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ግን ብዙ ጊዜ ከዝጉ ይሳሳል።

ሞዴል ከፈለግህ፣ ከዝጎቹ የኦዲዮ ቴክኒካ ኤም50ኤክስ 38 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ፤ ከፍ ሲል ለስልክ ይከብዳል) ስለሆነ ስልክ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ከክፍቶቹ የሴንሃይዘር ኤችዲ 600 በጣም ደስ ይላል፤ ግን 300 ኦም ነው። ያለ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ከስልክ ብቻ ድምፁ ይደክማል።

ሳትገዛ በፊት ጆሮህ ላይ አድርገህ ሞክረው፣ በተለይ መነጽር የምታደርግ ከሆነ። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ትራሱ በደንብ ካልገጠመ የዝጉም ቤዝ ይጠፋል።