ናፍጣ እያለ ሄፕቴን ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ የናፍጣ ሞተር ላይ የተሠራ አንድ ጥናት አነበብኩ። ውስጡ ስገባ ያቃጠሉት ናፍጣ ሳይሆን ሄፕቴን የሚባል ፈሳሽ ነው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም እንዴ? ግራ የገባው ወንድማችሁ

መልስ፦ ማጭበርበርስ አይደለም ወንድም፤ ጥርጣሬህ ግን ከመሬት አልተነሳም። ናፍጣን በአንድ ስም ብንጠራውም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሃይድሮካርቦኖች (ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩ ውህዶች) ድብልቅ ነው፣ ድብልቁም እንደ ድፍድፉና እንደ ማጣሪያው ይለያያል። የዛሬውን ሙከራ ከሌላ ቦታ በመጣ ናፍጣ ብትደግመው ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቃጠሎውን በኮምፒውተር ላስላ ካልክማ ጉድ ነው፦ ሄክሳዴኬን የሚባለው አንድ ሞለኪውል ብቻ እንዴት እንደሚቃጠል በዝርዝር ለመጻፍ ከ8,000 በላይ የኬሚካል ለውጦች ያሉት ሞዴል አስፈልጓል። አንዱ እንዲህ ካደረገ መቶዎቹን አስባቸው!

ስለዚህ ጠባያቸው የታወቀ ጥቂት ፈሳሾችን ቀላቅለው ናፍጣን እንዲወክል ያደርጋሉ። እኔ «ወኪል ነዳጅ» እለዋለሁ፤ «ምትክ» ካልኩ ባዮዲዝል የሚመስለው አይጠፋም።

መጀመሪያ የሚታየው ሴቴን ቁጥር ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፣ ኖዝሉ የረጨው ነዳጅ ታምቆ በጋለው አየር ራሱ ይቀጣጠላል፣ ቶሎ ከተቀጣጠለ ቁጥሩ ከፍ ይላል። የሚገርመው መለኪያው ራሱ የተሠራው ከሁለት ፈሳሾች ነው፦ ሄክሳዴኬን 100፣ ሄፕታሜቲልኖኔን 15። ከመጀመሪያው 40 እጅ፣ ከሁለተኛው 60 እጅ ቀላቅል፤ 40 ሲደመር 9 (የ60ው 15 በመቶ)፣ 49 መጣልህ። ብዙ የገበያ ናፍጣ እዚያው አካባቢ ነው።

ሄፕቴንም ወደ 55 ገደማ ስለሆነ ነው የሚመረጠው። ግን በ98 ዲግሪ ይፈላል፣ ናፍጣ ደግሞ ከ180 እስከ 360 አካባቢ ባለው ውስጥ። ስለዚህ ከኖዝሉ እንደወጣ ቶሎ ይተናል፣ ርጭቱ የናፍጣን አይመስልም። ቀለበት ሠርተው የተያያዙት አሮማቲኮችም የሉበትም፤ ጥላሸት በብዛት የሚያመጡት ደግሞ እነሱ ናቸው። ለዚህ ነው 70 እጅ ዴኬን ከአሮማቲኮቹ አንዱ ከሆነው ከ30 እጅ ሜቲልናፍታሊን ጋር የሚቀላቅሉት፣ ከዚያም አልፈው ስምንትና ዘጠኝ ፈሳሽ ድረስ የሚሄዱት። በበዛ ቁጥር ናፍጣን ይመስላል፣ ስሌቱም የዚያኑ ያህል ይከብዳል።

እና ያነበብከው ጥናት ስለ መቀጣጠል ከሆነ ሄፕቴኑ ምንም አይልም። ስለ ጥቁር ጭስ ከሆነ ግን የጠረጠርከው ልክ ነው፣ የሚያሳይህ ከእውነተኛው ናፍጣ ያነሰ ጥላሸት ነው።