ቤዜ አንዴ ይጮኻል አንዴ ይጠፋል፣ የቱን ኮምፕረሰር ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? አዳማ ነው የምኖረው፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ከባንድ ጋር ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ችግሬ ምን መሰለዎት፣ ወፍራሟን ክር ስመታ አዳራሹ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ቀጭኗ ስወጣ ደግሞ ድምፄ ኪቦርዱ ውስጥ ይሰምጣል። ሳውንድ ማናችን ኮምፕረሰር ግዛ አለኝ፣ ያ ድምፁን እኩል የሚያደርገውን ፔዳል። የአጎቴ ልጅ በቅርቡ ከአሜሪካ ስለሚመጣ ይዘህልኝ ና ልለው ነው፣ ግን ኢንተርኔት ላይ ሳይ ዓይነቱ በዛብኝ፣ አንዱ አንድ ኖብ ብቻ ነው ያለው አንዱ አምስት አለው፣ ዋጋውም ለየቅል ነው። ጊታሪስታችን ደግሞ ትርፍ ኮምፕረሰር አለኝ ልስጥህ ይለኛል፣ እሱስ አይሆንም?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ለአጎትህ ልጅ ከመደወልህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ፣ ቤዝህን ያለ ምንም ፔዳል አምፕ (ድምፅ ማጉያው) ላይ ሰካና አራቱንም ክሮች በእኩል ጉልበት እየመታህ ስማቸው። ወፍራሟ ብቻዋን የምትጮህ ከሆነ ፒክአፑ፣ ማለትም ከክሮቹ ስር ሆኖ ድምፃቸውን የሚይዘው ማግኔት፣ በሷ በኩል ወደ ክሩ በጣም ተጠግቶ ሊሆን ይችላል፣ በካቻቪቴ ትንሽ ዝቅ ስታደርገው ግማሹ ችግር እዛው ያልቃል። አዳራሹ የሚያገሳው አንድ ኖታ ላይ ብቻ ከሆነም ያ የአዳራሹ ጉዳይ ነው፣ ሳውንድ ማኑ ኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ለየብቻ መቀነሻው) ላይ ይቀንሰው፣ ለሱ ብለህ ፔዳል አትግዛ።

ይሄን ሁሉ አድርገህም ኖታዎችህ ከፍ ዝቅ ካሉ አዎ፣ ኮምፕረሰር ያስፈልግሃል። ስራው ቀላል ነው፣ ድምፁ ከአንድ መስመር ሲያልፍ ቶሎ ብሎ ቮልዩሙን ዝቅ ያደርግልሃል። መስመሯ ትሬሽሆልድ ትባላለች፣ ምን ያህል ዝቅ ይበል የሚለውን የሚወስነው ሬሾ ነው። ሬሾው 4 ለ 1 ከሆነ መስመሯን በ8 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያለፈ ምት ሲወጣ የሚያልፋት በ2 ብቻ ነው፣ 6ቱ ተቆርጧል ማለት ነው። ከዛ በሌቭል ኖቡ ጠቅላላውን መልሰህ ከፍ ስታደርገው ያ ኪቦርድ ውስጥ የሚሰምጠው ደካማ ኖታ አብሮ ይነሳል።

ቤዝ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አታክና ሪሊዝ ላይ ነው፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ ምን ያህል ፈጥኖ ይይዛል ምን ያህልስ ፈጥኖ ይለቃል የሚሉት ላይ። ወፍራሟን ክርህን፣ ኢ የምትባለውን፣ ፍሬት ሳትጫን ባዶዋን ስትመታት በሰከንድ 41 ጊዜ ነው የምትርገበገበው፣ አንዷ ዙር 24 ሚሊሰከንድ ገደማ ትፈጃለች። ፔዳሉ ከዛ በጣም ፈጥኖ የሚይዝና የሚለቅ ከሆነ የኖታውን ጉልበት መከተሉን ትቶ እያንዳንዷን ርግብግቢት ማሳደድ ይጀምራል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ሰውየውም ፔዳሉ ተበላሽቷል ብሎ ይሸጠዋል። የጊታር ወፍራሟ ክር 82 ላይ ናት፣ ካንተዋ በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ትፈጥናለች፣ ስለዚህ ለጊታር የተሰራ ፍጥነት ላንተ ላይመች ይችላል። የጓደኛህን ፔዳል አንድ ልምምድ ላይ ሞክረው፣ ነፃ ነው ምንም አትከስርም፣ ግን ወፍራሟ ክር ላይ ቀጠን ካለብህ ወይ ከሻከረብህ አመስግነህ መልስለት።

አታኩን ትንሽ ዘግየት አድርገው፣ ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ አካባቢ ጀምር። የጣትህ ምት፣ ያቺ ክሩን ስትለቀው የምትሰማው «ድም» የምትል መጀመሪያ፣ ኮምፕረሰሩ ሳይይዛት ማለፍ አለባት። እኔ አንድ ሰርግ ላይ አታኩን የመጨረሻ ፈጣኑ ላይ ሬሾውን 20 ላይ አድርጌ ነበር፣ ቤቴ በሄድፎን ስሰማው ለስላሳ ብሎ በጣም ደስ ይል ነበር፣ አዳራሽ ገብተን ከበሮው ሲጀምር ግን ቤዙ የት እንደገባ ጠፋ፣ ድራመሩ ዞሮ በእጁ ጨምር ጨምር እያለኝ ቮልዩም ብጨምርም ዋጋ የለውም፣ ጎልቶ የሚሰማው ክፍል ተቆርጦ ነበራ። በዕረፍት ሰዓት አታኩን አዘግይቼ ሬሾውን ወደ 4 ስመልሰው ቮልዩሙን ሳልነካ ቤዙ ተመልሶ መጣ።

ሪሊዙ በዘፈኑ ይወሰናል። ሰርግ ላይ መቼም ችክችካው ብዙ ነው፣ ምቱ በደቂቃ 120 ቢሆንና አንዱ ምት ለ3 ቢከፈል ከአንዷ ኖታ እስከ ቀጣይዋ ያለህ 167 ሚሊሰከንድ ነው፣ ፔዳሉ በዛ ጊዜ ውስጥ ለቆ ካልጠበቀህ ሁለተኛዋም ሶስተኛዋም ኖታ ታፍና ነው የምትወጣው። ቀስ ያለ ትዝታ ላይ ደግሞ ኖታውን ረጅም ስለምትይዘው ሪሊዙ ዘግየት ቢል ነው የሚያምረው፣ ካልሆነ ድምፁ እየሞተ ሲሄድ ፔዳሉ እየጎተተ ያወጣዋል፣ የጄነሬተሩን እምምም የሚል ድምፅ ጨምሮ።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ እኔን ከጠየቅከኝ ስንት ዲሲቤል እየቆረጠ እንደሆነ በመብራት የሚያሳይ ፔዳል ያዝ። ኮምፕረሽን እንደ ዲስቶርሽን (ድምፅን እንደሚያሻክረው ፔዳል) ጆሮ ላይ ወዲያው አይታወቅም፣ በተለይ ለጀማሪ፣ ስለዚህ ሲበዛ የምታውቀው መድረክ ላይ ነው። መብራት ካለው ጠንከር አድርገህ ስትመታ ከ3 እስከ 6 ዲሲቤል እየቆረጠ እንደሆነ አይተህ ታቆማለህ። ኤምኤክስአር ኤም87 አስር መብራት በረድፍ አለው፣ አምስቱም ኖብ ለየብቻ ነው፣ ሬሾው 4፣ 8፣ 12 እና 20 ነው፣ ይሄ አሰራር እ.ኤ.አ. በ1967 ከወጣው 1176 ከሚባለው የስቱዲዮ ኮምፕረሰር የመጣ ነው። ላንተ የምመርጠው እሱን ነው። ቦስ ቢሲ-1ኤክስም የሚቆርጠውን በመብራት ያሳያል፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ስለሚይዝ የወፍራሟ ክር ጉልበት ቀጭኗን አብሮ አይጫናትም፣ ላንተ ችግር እሱም ጥሩ ነው። ኪሊ ቤዚስት ሶስት ኖብ ብቻ ነው፣ ድምፁ ንፁህ ነው፣ መነካካት ለማይወድ ሰው ይሆናል። ባለ አንድ ኖቡ የቲሲ ኤሌክትሮኒክ ስፔክትራኮምፕ ነው፣ በጣም ትንሽ ነው፣ ድምፁም አይጠላም፣ ግን ለመማሪያ አልመርጥልህም።

ከአሜሪካ ስለሚመጣልህ አዳፕተሩን አደራ። እዛ የሚሸጠው አንዳንዱ ለ120 ቮልት ብቻ ነው፣ የኛ ሶኬት ላይ ስትሰካው ይቃጠላል። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ይምረጥልህ፣ ወይ እዚሁ 9 ቮልት መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ ግዛ። የራውተር አዳፕተር እንዳትሞክር፣ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ሆኖ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፣ ፔዳሉን ሊገድልብህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። ቸርች ውስጥ ባለ 5 ክር አክቲቭ (ባትሪ ያለው) ቤዝ ነው የምጫወተው፣ አምፕ የለንም፣ ቀጥታ ዲጂታል ሚክሰር ውስጥ ገብቼ በጆሮ ማዳመጫ ነው የምሰማው። እኔም ፔዳል ያስፈልገኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አሁኑኑ አትግዢ። ዲጂታል ሚክሰር ከሆነ ኮምፕረሰር ያንቺው ቻናል ላይ አለልሽ፣ ለምሳሌ ቤሪንገር ኤክስ32 ላይ እያንዳንዱ የግቤት ቻናል የራሱ አለው። ሚክሰሩን የሚይዘውን ልጅ ከአገልግሎት በፊት አስር ደቂቃ ለምኚውና ሬሾ 4፣ አታክ 30 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዝ 150 ሚሊሰከንድ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ከዛ አንቺ የዕለቱን ከባድ መዝሙር ተጫወቺ እሱ ትሬሽሆልዱን 6 ዲሲቤል አካባቢ እስኪቆርጥ ያውርደው። አምስተኛዋ ክርሽ፣ ከሁሉም የምትወፍረው፣ በሰከንድ 31 ጊዜ ገደማ ብቻ ስለምትርገበገብ እሷ ላይ ከሻከረ ሪሊዙን ጨምሩት። በኋላ የራስሽን ፔዳል ብትገዢ ንገሪው፣ ካለበለዚያ ያንቺም የሱም አንድ ላይ እየቆረጡ ቤዝሽን ያፍኑታል።