መልስ፦ ለልጄ ቴራፒ ግልቢያ ወይስ መደበኛው?

እህቴ፣ የ7 ዓመት ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለባት፣ ቴራፒ ግልቢያ (ለሕክምና ተብሎ የሚደረገውን የፈረስ ግልቢያ) ላስጀምራት ወይስ መደበኛውን ላልሽው፣ እኔ በቴራፒው ጀምሪ ነው የምልሽ። ፈረስ ሲራመድ የተቀመጠበትን ሰው ዳሌ ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ጎን፣ ደሞ ትንሽ እያዞረ ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ ልክ በእግራችን ስንሄድ እንደሚሆነው፣ ስለዚህ ልጅቷ ሳታስበው ወገቧና ሆዷ ሚዛን ለመጠበቅ ሲሠሩ ይቆያሉ። አንድ ሰው ፈረሱን ይስባል፣ እንደሁኔታዋ በግራና በቀኝ ደግፈዋት የሚሄዱም ይኖራሉ። እኔ ረዳት ሆኜ ስሠራ አንድ ልጅ ጣቶቹ ተጨብጠው አልፈታ ብለው፣ ፈረሷ ቆም ስትል ጋማዋ ላይ ቀስ እያሉ ሲዘረጉ ያየሁት አሁንም አይኔ ላይ አለ።

መደበኛው ልጓም መያዝ፣ እርካብ መርገጥ፣ ሶምሶማ ነው፣ እሱ ቀስ ብሎ ይደርሳል፣ ደሞ አይቻላትም እንዳትዪ። ዴንማርካዊቷ ሊዝ ሃርቴል ፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ አድርጓት እያለ በ1952 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በድሬሳዥ (ጋላቢና ፈረስ የተለኩ እንቅስቃሴዎችን በሥርዓት የሚያሳዩበት ውድድር) የብር ሜዳሊያ ወስዳለች!

ብቻ ከመጀመርሽ በፊት ሐኪሟ ዳሌዋንና አከርካሪዋን ይይላት፣ ያለ ሄልሜት ደሞ ፈረስ ላይ በፍጹም እንዳትወጣ። መጀመሪያ ቀን ባትወጣም ችግር የለውም፣ ፈረሱን በብሩሽ ታበጥረው፣ ትልመደው።