መልስ፦ በረሃ ውስጥ የዓሣ አጥንት ከየት መጣ?

ወንድሜ፣ «ሰሃራ ላይ የአምባዛ አጥንት ተገኘ መባሉ እንዴት ይታመናል?» ብለሃል። ይታመናል። አምባዛ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ነው። አጥንቱ በብዛት ከወጣ፣ ውሃው በቅርብ ነበር ማለት ነው።

ደቡብ ምዕራብ ሊቢያ ውስጥ ታካርኮሪ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። የጥንት ሰዎች በልተው የጣሉት የአምባዛና የቲላፒያ አጥንት እዚያ ተቆፍሮ ወጥቷል። ከ10,200 እስከ 4,650 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የዓሦቹ ዓይነት ነው። ጊዜው ወደኛ እየቀረበ ሲመጣ የዓሣው አጥንት ብዛት ይቀንሳል፤ ይበልጥ የሚቀንሰው ደግሞ ቲላፒያው ነው። አምባዛ ከአየር ጭምር ይተነፍሳል። እዚህ ኮምቦልቻ የቦርከና ወንዝ በበጋ እንደሚሳሳው ዓይነት ጥልቀት የሌለው፣ የሞቀ ውሃ ውስጥም ይቋቋማል። ቲላፒያ ይህ አቅም የለውም። ስለዚህ አጥንቱ ውሃ እንደነበረ ብቻ ሳይሆን ውሃው ቀስ በቀስ እየደረቀ እንደሄደም ይጠቁመናል።