ቢግ ኢስት ለምን ተበተነ?

"ቢግ ኢስት ያን ያህል ጠንካራ ከነበረ ለምን ተበተነ?" ላልከው፣ የዚህ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሊግ መበተን ዋናው ምክንያት የአሜሪካን ፉትቦል የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። ቅርጫት ኳሱማ ምን ወጣለት! እ.ኤ.አ. በ1985 በብሔራዊው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ከመጨረሻዎቹ 4 ቡድኖች 3ቱ የእሱ ነበሩ። በፍጻሜው ቪላኖቫ ከ28 ሙከራ 22ቱን አስገብቶ ኮከቡ ፓትሪክ ዩዊንግ የሚጫወትበትን ጆርጅታውን 66 ለ 64 ረታ። በ2011 ደግሞ 11 ቡድን ለብሔራዊው ውድድር አሳለፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲራኪውስና ፒትስበርግ የፉትቦሉን ገንዘብ ተከትለው ኤሲሲ ወደተባለው ሌላ ሊግ ሄዱ። እነሲራኪውስና ጆርጅታውን በየዓመቱ በሊጉ ውስጥ የሚፋለሙበት ፉክክር አብሮ መቆረጡ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ትልልቅ ፉትቦል የሌላቸው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ስሙን ይዘው ቀሩ። ቪላኖቫ በ2016 እና በ2018 ዋንጫ በላ። በ2020 ወደ ሊጉ የተመለሰው ዩኮንም (የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ) በ2023 እና በ2024 ደገመው።