ናፍታው የት ገባ? ሹፌሩን ከመጠርጠርህ በፊት

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ዕቃ የምትጭን ቶዮታ ሃይስ አለችኝ። ሞተሯ ፋይቭ ኤል ናፍታ ነው። ከመርካቶ እየጫነች ገርጂ፣ ሰሚትና አያት ላሉ ሱቆች ታከፋፍላለች። ዱሮ አንዴ ከሞላናት ሳምንት ትሠራ ነበር። አሁን አራተኛው ቀን ላይ የነዳጁ መብራት ይበራል። አንድ መካኒክ ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፕ ይታደስ ብሎኛል። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ሹፌሩን መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ለጊዜው ተዋቸው። ፖምፑንም አታስነካ፣ ልጁንም ምንም አትበለው። መጀመሪያ መኪናዋ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ እንወቅ። አሁን በእጅህ ያለው «ሳምንት ትሠራ ነበር» የሚል ትዝታ ብቻ ነው። ቀን ደግሞ መለኪያ አይሆንም። አምና በቀን ሰባት ሱቅ ታደርስ የነበረች መኪና ዘንድሮ አስር ካደረሰች ናፍታው ቶሎ ማለቁ የግድ ነው። ብርም አይሆንም። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የናፍታ ዋጋ ስንቴ እንደጨመረ አንተም ታውቃለህ። የሚታመነው ሊትርና ኪሎ ሜትር ነው።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ በዓይኔ ያየሁት ነገር ስላለ ነው። አንድ ደንበኛዬ ልክ እንዳንተ ናፍታ በዛብኝ ብሎ ሹፌሩን አሰናበተ። ሌላ ቀጠረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መኪናዋን ይዞ መጣ፤ ፍጆታው ያው ነው። በክሪክ የኋላዋን አነሳሁና ጎማውን በእጄ ገፋሁት። የቀኙ ተሽከረከረ። የግራው ሩብ ዙር እንኳ ሳይሄድ ቆመ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ፣ ማንሻው ቢለቀቅም እሱ አልመለስ ብሏል። ስንፈታው የፍሬን ሸራው ከሰል መስሏል። መኪናዋ ፍሬን እንደያዘች ነበር የምትሠራው። ገመዱን ቀየርን፣ ፍጆታው ተስተካከለ። ልጁ ግን ስሙ ጠፍቶ ሄዷል። ከዚያ በፊት ሰርቪስ ያደረግኳት እኔው ነበርኩ። ያኔ ጎማዋን አዙሬ ባይ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ ልኬቱን እንጀምር። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከሙሉ እስከ ሙሉ ይባላል። ጠዋት ታንከሩን አስሞላ። መቅጃው ራሱ ጠቅ ብሎ ሲቆም በቃ፤ «ትንሽ ጨምርበት» የለም። ናፍታ አረፋ ስለሚሠራ ከዚያ በላይ የተጨመረው አንዴ ይበዛል አንዴ ያንሳል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጻፍ። እንደተለመደው ሥሩ። ሩብ ያህል ሲቀር እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ፣ መኪናዋን በዚያው አቅጣጫ አቁማችሁ እንደገና እስኪቆም ሙሉ። መኪናዋ ከዘመመች የሚገባው መጠን ስለሚለያይ ነው እዚያው የምልህ። አሁን የገባው ሊትር ማለት በመሃል የተቃጠለው ነው። ለምሳሌ በመሃል 412 ኪሎ ሜትር ሄዳ 43.6 ሊትር ከገባ፣ 412ን ለ43.6 ስታካፍለው በሊትር 9.4 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። በእኔ ልምድ ፋይቭ ኤል ሞተር ያላት ሃይስ ጭና ከተማ ውስጥ በሊትር ከ8 እስከ 10 ከሄደች ጤነኛ ናት።

በአንድ ሙሌት ብቻ እንዳትፈርድ። ቢያንስ አራት ይሁን። ነዳጅ የሚከፈለው በቴሌብር ከሆነ ደግሞ የቀኑና የብሩ ማስረጃ ስልክህ ላይ አለ። ብሩን ለዚያ ቀን የሊትር ዋጋ አካፍልና ከማሽኑ ሊትር ጋር አመሳክር።

ቆጣሪውም ራሱ ሊዋሽ ይችላል። ጎማ ስትቀይር ከፋብሪካው ልክ ያነሰ ካስገባህ ብዙ ይሽከረከራል፤ ቆጣሪው ያልተሄደ መንገድ ይቆጥርልሃል። ከፍ ያለ ካስገባህ በተቃራኒው ነው፤ መኪናዋ ያለ ጥፋቷ በላተኛ ትመስላለች። ስልክህ ላይ ጂፒኤስ ከፍተህ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሂድና ሁለቱን አስተያይ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። አራቱ ሙሌት ተቀራራቢ ሆነው ሁሉም ዝቅተኛ ከሆኑ፣ 7.1፣ 7.3፣ 7.0፣ 7.2 ዓይነት፣ ችግሩ በአብዛኛው መኪናዋ ላይ ነው። አንዴ 9.3፣ አንዴ 6.5 እያለ የሚዘል ከሆነ ግን መንገዱንና ጭነቱን እይ፣ የሚያፈስ ቱቦ ፈልግ፣ የማደያውን ሊትር አጣራ። ይህ ሁሉ ታይቶ መልስ ከጠፋ ነው ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የሚመጣው።

መኪናዋ ላይ ከሆነ ከርካሹ ጀምር። ጎማ። ሹፌሮቻችን ጎማን በጫማ መታ አድርገው «ደህና ነው» ይላሉ። የጭነት ጎማ ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ንፋሱ ቢጎድል እንኳ አይተኛም፤ በዓይን አትለየውም። ጠዋት ሳይሞቅ በጌጅ ይለካ። ልኩ በሹፌሩ በር በኩል ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። የፊቱና የኋላው፣ ባዶና ጭነት ሊለያይ ስለሚችል በደንብ አንብበው።

ከዚያ ፍሬኑን ከላይ እንደነገርኩህ በክሪክ አንስተህ በእጅ አዙር። ሌላው መንገድ፣ ፍሬን ብዙ ሳይነካ ተሂዶ ሲቆም እጅን ወደ ቸርኬው ማስጠጋት ነው። አትንካው፣ ያቃጥላል፤ ማስጠጋት ብቻ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ሙቀት ከረጨ ፍሬን ይዟል፣ ወይም ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ሄዷል።

ቀጥሎ የምልህን ግን ብዙ ጋራዥ አያነሳልህም፤ ቴርሞስታት። እኛ አገር መኪና ትንሽ ከሞቀች ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ልማድ ሆኗል። «አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ አያስፈልግም» ይባላል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ብርድ ስለሆነ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። ቴርሞስታት ውሃው ወደ 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን መንገድ ይዘጋል። ከሌለ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ እንደቀዘቀዘ ይሠራል። የቀዘቀዘ ሞተር ናፍታውን በወጉ አያቃጥልም፣ ዘይቱም እንደወፈረ ይቀራል። በተለይ እንዳንተ ሱቅ ለሱቅ እየቆመች ለምትሠራ መኪና ጉዳቱ ብዙ ነው። የሙቀት መርፌዋን ተመልከት። ግማሽ ሰዓት ተሠርቶም ከታች አካባቢ ከቀረች ቴርሞስታቱ ወይ የለም ወይ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። መኪናዋ በእርግጥ የምትሞቅ ከነበረችም መድኃኒቱ ራዲያተሩን ማሳጠብ ነው እንጂ ቴርሞስታት መጣል አይደለም።

የአየር ፊልትሮውንም አውጥተህ ወደ ፀሐይ አቅና። ብርሃን ካላሳለፈ ቀይረው። ፋይቭ ኤል ቱርቦ የለውም፤ አየር የሚስበው በራሱ ጉልበት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በዚያ ላይ ፊልትሮው ከታፈነ ናፍታው የሚቃጠልበት አየር ያጣል። ጥቁር ጭስ ሆኖ የሚወጣው ያልተቃጠለ ናፍታህ ነው፤ ገንዘብህ በማርሚታ እየወጣ ነው ማለት ነው።

ፖምፕና ናፍታውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ኢንጀክተር የሚነኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፊልትሮው አዲስ ሆኖ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ዳገት ላይ አሁንም ጥቁር የምታጨስ ከሆነ መጀመሪያ ኢንጀክተሮቹ ብቻ ወጥተው መሞከሪያ ማሽን ላይ ይታዩ። ጥሩ ኢንጀክተር እንደ ጉም በትኖ ይረጫል። የተበላሸው ያንጠባጥባል። አራቱንም ማስሞከር ፖምፕ ከማደስ ጋር በዋጋ አይገናኝም። አጠገባቸው ያሉትን ቀጫጭን የመመለሻ ቱቦዎች አብረህ እይ፤ እየደረቁ ይሰነጠቃሉ፣ ናፍታውም ጠብ ጠብ ይላል።

አነዳዱን በአጭሩ ልበል። ዕቃ ሲወርድ ሞተር ይጥፋ። ይህን የሚያህል ሞተር በሚኒሞ ቆሞ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ያቃጥላል፤ የስምንት ሱቅ ማራገፊያ ሲደመር ቀላል አይደለም። ቁልቁለት ላይ ናፍታ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ ዜሮ ማድረግ ይቅር። ማርሽ ውስጥ ሆና እግር ከነዳጅ ሲነሳ ፖምፑ ራሱ ናፍታውን ይቆርጣል። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ማቃጠሉን አያቆምም፤ ጭነቱም ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። ፍሬን ግሎ እምቢ ያለ ቀን የሚጠፋው ናፍታ ብቻ አይደለም። ጣሪያዋ ላይ ባዶውን የሚዞር ፖርቶመጋላ፣ ማለትም የዕቃ መጫኛ፣ ካለም ይውረድ።

ደብተር ገዝተህ ለሹፌሩ ስጠው፤ ቀን፣ ቆጣሪ፣ ሊትር፣ በዚያ ቀን የደረሱ ሱቆች። በእሱ እጅ ይጻፍ። ለምን እንደሚጻፍም ንገረው፤ መኪናዋ ታማ እንደሆነ እያየን ነው በለው፣ እውነቱም ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር የሚውለው እሱ ነው፤ የተለየ ድምፅ፣ የከበደ ፍሬን፣ የናፍታ ሽታ ካለ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። አራቱ ሙሌት ሲያልቅ ቁጥሮቹንና የሙቀት መርፌዋ የት እንደምትቆም ጻፍልኝ፤ ከዚያ ስለ ፖምፑ እንነጋገራለን።